አለሁ ባይ ፓኬቶች

ምንም ያልተሰካበት አንድ የስዊች ፖርት ፈልጉና ላፕቶፓችሁን ሰኩበት። የሚመጣውን ፓኬት ሁሉ የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ክፈቱ። ማንንም ፒንግ አታድርጉ፣ ምንም ገጽ አትክፈቱ። ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ለእናንተ የተላከ ነገር የለም፤ ስክሪኑ ግን አያርፍም። ለአንድ አይፒ የካርዱን አድራሻ (ማክ አድራሻ) የሚጠይቀው ኤአርፒ ይመጣል። ስዊቾች ሉፕ፣ ማለትም ፍሬም ማለቂያ የሌለው ዙር የሚዞርበት መንገድ፣ እንዳይፈጠር የሚነጋገሩበት ስፓኒንግ ትሪ በየ2 ሰከንዱ ብቅ ይላል። አንዱ ፕሪንተር ራሱን ያስተዋውቃል። በመሃል ደግሞ በየሰከንዱ ሳያዛንፍ የሚመጣ አንድ መስመር አለ። ላኪው ያው ነው፣ መድረሻው «ሁሉም» ነው፣ ይዘቱም ያው ነው። የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ አለሁ። ከሰከንድ በኋላ ደግሞ፦ አለሁ።

ሃርትቢት የምንለው ይሄንን ነው። እንደ አንድ ሆነው በሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ፣ ማለትም በክላስተር ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን በሕይወት መኖር የሚያውቀው በዚህ ነው። ድምፁ ለተወሰነ ጊዜ ከጠፋ የቀሩት «በቃ፣ ሞቷል» ይሉና ሥራውን ይወርሳሉ። አይፒውን ይወስዳሉ፣ ዲስኩን ይይዛሉ፣ ዳታቤዙን ያስነሳሉ። ፌይልኦቨር ማለት ይሄው ነው።

እኔ ከኔትወርክ ወገን ነኝ። እኛ ደግሞ ብሮድካስት፣ ማለትም ለሁሉም የሚላክ መልእክት፣ አንወድም። ግራፉ ላይ ትንሽ ከፍ ሲል «ማነው ይሄ?» ብለን እንነሳለን፤ ስናገኘው ለመቁረጥ እጃችን ይፈጥናል። ሃርትቢት ላይ ግን ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ ጋር አልግባባም። ችግሩ የመልእክቱ ብዛት አይመስለኝም። ችግሩ መልእክቱን እንዲሰማ የሚገደደው ማን እንደሆነ ነው። ድምፁን ለመቀነስ ስንሮጥ ብዙ ጊዜ የምናፍነው ራሱን ክላስተሩን ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። የኤተርኔት ትንሹ ፍሬም 64 ባይት ነው። ከፊትና ከኋላ የሚጨመረው ሲደመር ገመዱ ላይ የ84 ባይት ቦታ ይይዛል። የአንድ ጊጋቢት መስመር እንዲህ ያለውን ፍሬም በሰከንድ እስከ 1,488,095 ያሳልፋል። አሁን 200 ሰርቨሮች አንድ ቪላን፣ ማለትም ስዊቾች ላይ ለብቻው የተከለለ ኔትወርክ፣ ውስጥ ሆነው እያንዳንዳቸው በሰከንድ አንድ ሃርትቢት ይልካሉ እንበል። 200 ፍሬም ነው። ሁሉም ጢም ብለው 1,500 ባይት ቢጭኑ እንኳ ድምሩ 2.5 ሜጋቢት አይሞላም። የመስመሩ ሩብ ፐርሰንት ገደማ። በዚህ ምክንያት መስመሩ ተጨናነቀ የሚል ሰው ሌላ ጥፋተኛ ይፈልግ።

ታዲያ ጣጣው የት ነው? ብሮድካስት አንድ ጊዜ ይላካል እንጂ አንድ ጊዜ አይደርስም። ስዊቹ ከገባበት ፖርት በቀር ቪላኑ ውስጥ ላለው ፖርት ሁሉ ይገለብጠዋል። ቪላኑ 1,000 ፖርት ካለው 200ዎቹ ፍሬሞች በየሰከንዱ ወደ 200,000 ቅጂ ይሆናሉ። የኔትወርክ ካርድ ደግሞ ብሮድካስትን «አይመለከተኝም» ብሎ ከበር አይመልስም። ይቀበላል፣ ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከፍቶ ያያል፣ ከዚያ ይጥለዋል። ሁለት ሰዎች አዳራሽ ውስጥ «አለህ?» «አለሁ» ለመባባል ማይክሮፎን እንደያዙ ቁጠሩት። ወሬያቸው አጭር ነው፤ ከሥራው የሚናጠበው ግን አዳራሹ በሙሉ ነው።

ዘመናዊ ሰርቨር በሰከንድ 200 ፓኬት ቢጥል አይሰማውም። የሚጎዱት ትንንሾቹ ናቸው። ደካማ ፕሮሰሰር ያላቸው ካሜራዎች፣ የበር መቆጣጠሪያዎች፣ የሙቀት መለኪያዎች፣ ያረጁ ፕሪንተሮች። ከሁሉም የሚብሰው ግን ዋይፋይ ነው። አክሰስ ፖይንት ብሮድካስትን ሲያስተላልፍ ሁሉም እንዲሰማው ብሎ በዝቅተኛው ፍጥነት ይልከዋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የድሮዎቹ ፍጥነቶች ካልተዘጉ ያ ፍጥነት 1 ሜጋቢት ነው። 100 ባይት የምታህል ሃርትቢት በዚያ ፍጥነት አየሩን ለ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ትይዘዋለች። 200ዎቹ ሲደመሩ ከእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ አምስተኛው አለቀ ማለት ነው። ማንም ምንም ሳያወርድ። ገመድ ላይ ሩብ ፐርሰንት ያልሞላው ነገር አየር ላይ 20 ፐርሰንት ይሆናል።

የሰርቨር ክላስተርና ዋይፋይ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። መገናኘት የለባቸውም። ግን ኔትወርክ ሲጀመር ትንሽ ነው፤ ሁሉም ቪላን 1 ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ያድጋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንድ ቀን ዋይፋዩ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ስትመረምሩ ዳታቤዝ ክላስተር አየር ላይ ሲያወራ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ቀላል ነው። ለሃርትቢት የራሱ ቪላን ስጡት። ክላስተሩ ውስጥ ያሉት ፖርቶች ብቻ ይግቡበት። በስዊቾች መካከል ባለው ትራንክ ላይ ደግሞ ይሄ ቪላን የሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ እንዲያልፍ ፍቀዱ። ይቺን ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ቪላኑ ተፈጥሯል፣ ፖርቶቹ ተመድበዋል፣ ትራንኩ ግን «ሁሉንም አሳልፍ» እንደተባለ ነው። ያኔ ብሮድካስቱ ማንም ሰሚ ወደሌለበት ስዊች ሁሉ ይዞራል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ግን ያ ሩቅ ስዊች ላይ አንድ ሰው በስህተት ሉፕ ከፈጠረ ማዕበሉ ተመልሶ ክላስተሩ ላይ ይደርሳል። ቪላን የምናጠብበው ሃርትቢቱ ሌላውን እንዳይረብሽ ብቻ አይደለም። ሌላውም ሃርትቢቱን እንዳይረብሸው ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል።

የደንበኞችን ጥያቄ ለብዙ ሰርቨሮች የሚያካፍለው የማይክሮሶፍት ኔትወርክ ሎድ ባላንሲንግ፣ ባጭሩ ኤንኤልቢ፣ በዚህ ጉዳይ ስሙ ክፉኛ ይነሳል። እያንዳንዱ ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር) በሰከንድ አንድ ሃርትቢት ይልካል፤ 5 በተከታታይ ካመለጠ ክላስተሩ ራሱን እንደገና ያደራጃል። ሰዎች ዋየርሻርክ ላይ ሃርትቢቱን ያዩና «ኔትወርካችንን ያጥለቀለቀው ይሄ ነው» ይላሉ። አይደለም። ሃርትቢቱ የሚከሰሰው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ነው። ጎርፉ ከደንበኛ የሚመጣው ትራፊክ ነው። በዩኒካስት (ለአንድ አድራሻ ብቻ በሚላክበት) ሞድ ኖዶቹ ሁሉ አንድ ማክ አድራሻ ይጋራሉ፤ ሲልኩ ግን ያንን አድራሻ ይደብቁታል። ስዊቹ አድራሻው የትኛው ፖርት ላይ እንዳለ መቼም አይማርም። ያልተማረውን ለሁሉም ይበትናል። ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ እንደዚያ ተሠርቷል፤ ጥያቄው ሁሉም ኖድ ጋ እንዲደርስ። ዌብሳይቱ 300 ሜጋቢት ከተቀበለ ያው 300 ሜጋቢት ቪላኑ ውስጥ ላለ ፖርት ሁሉ ይሄዳል። በ100 ሜጋቢት ፖርት የተሰካ ምስኪን መሣሪያ አለቀለት።

«እንግዲያው መልቲካስት፣ ማለትም ለአንድ ቡድን የሚላክበት፣ ሞድ እናድርገው» ይባላል። ያኔ ደግሞ ራውተሩ ያምፃል። አንድ ተራ አይፒ የመልቲካስት ማክ አድራሻ ይዞ ሲመጣ ብዙ ራውተሮች አያምኑም። ደግሞም አይፈረድባቸውም። በፈረንጆቹ 1995 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1812፣ ራውተር እንዲህ ያለውን የኤአርፒ መልስ እንዳያምን በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ በእጅ የተጻፈ ኤአርፒ ራውተሩ ላይ ማስገባት፣ በእጅ የተጻፈ ማክ ስዊቹ ላይ ማስገባት ይመጣል። ሰርቨሩ ፖርት በቀየረ ቁጥር አንድ ሰው ማስታወስ አለበት። እኔ የምመክረው ኤንኤልቢ የግድ ከሆነ ለብቻው ቪላን ውስጥ እንዲታሰር ነው። የግድ ካልሆነ ትክክለኛ ሎድ ባላንሰር ፊቱ ማስቀመጥ ለሁሉም እፎይታ ነው።

መልቲካስት ካነሳን አንድ ጉድ ላውራ። አንድ የሠራሁበት ቦታ ላይ ስዊቾች ተቀየሩ። አዲሶቹ ላይ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ እንደነባሪ ክፍት ነበር። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ ስዊቹ መልቲካስቱን የጠየቀው ፖርት ላይ ብቻ እንዲልክ ያደርጋል። የሊኑክስ ክላስተሩ ኮሮሲንክ በሚባል የክላስተር ሶፍትዌር ላይ ነበር የሚሠራው፤ በመልቲካስት። ሰርቨሮቹ ተነሱ፣ ተገናኙ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ጥቂት ደቂቃ ቆየና ክላስተሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። የሰርቨር ክፍሉ ልጅ ሪስታርት አደረገ፤ ዳነ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተሰነጠቀ። ሪስታርት፣ ዳነ፣ ተሰነጠቀ።

ሪስታርት የሚያድነው በሽታ ደግሞ ሁልጊዜ የሶፍትዌር ይመስላል። «ባግ ነው» አለ ልጁ፤ ሥሪት ለመቀየር ተነሳ። እኛም ደስ አለን፤ ጣቱ ወደእኛ አልተቀሰረማ። ሎጉን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናየው ግን አንድ ነገር ዓይናችንን ያዘው። በተነሳበትና በተሰነጠቀበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ያው ነው። አራት ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ። ሶፍትዌር ሲሳሳት እንዲህ ሰዓት አያከብርም። ሰዓት የሚያከብር ነገር ታይመር ነው።

ታይመሩም 260 ሰከንድ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ «ይሄን የመልቲካስት ቡድን እፈልጋለሁ» ብሎ ስዊቹን ያስመዘግባል። ስዊቹ ይመዘግባል። ግን ለዘለዓለም አይመዘግብም። አንድ ጠያቂ፣ ኳሪየር የሚባለው፣ በየ125 ሰከንዱ «አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?» ማለት አለበት፤ ሰርቨሩም ይመልሳል፤ ምዝገባው ይታደሳል። ሁለት ጥያቄ አምልጦ ለመልስ የሚሰጠው 10 ሰከንድ ካለፈ ምዝገባው ይሰረዛል። ሁለት ጊዜ 125 ሲደመር 10፣ 260። ብዙውን ጊዜ ኳሪየሩ ራውተር ነው። ለሃርትቢት የተለየው ቪላን ላይ ግን ራውተር የለም። ለምን ይኖራል? ከቪላኑ የሚወጣ ነገር የለም። ስለዚህ ጠያቂ የለም፣ መላሽ የለም፣ ምዝገባው ይሞታል፣ ሃርትቢቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሪስታርት ሲደረግ አዲስ ምዝገባ ይላካል፤ ሌላ 260 ሰከንድ ዕድሜ።

መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር። ቪላኑ ላይ ስዊቹ ራሱ ኳሪየር እንዲሆን ማድረግ። ሁለት ስዊቾች ላይ አድርጉት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል። ሁለቱም ካሉ ትንሹን አይፒ የያዘው ይመረጣል፣ አይጣሉም። ብዙ ሰው ግን ይሄንን በሽታ ሲያገኝ ስኑፒንጉን ይዘጋዋል። ይሠራል፤ መልቲካስቱ ተመልሶ ብሮድካስት ይሆናል። ትንሽ ቪላን ላይ ከሆነ አልቃወምም። ለመላው ስዊች ከተዘጋ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

አሁን ወደ ስቶርም ኮንትሮል። ይሄ ነገር ፖርቱ ላይ የሚገባው ብሮድካስት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚቆርጥ ነው። ሉፕ ሲፈጠር ነፍስ ያድናል። የተጠቃሚ ፖርቶች ላይ ሁሉ ቢኖር እወዳለሁ። ግን ስዊቹ ፍሬሞቹን አይመርጥም። መጥፎ ብሮድካስትና ጥሩ ብሮድካስት ለእሱ አንድ ናቸው። ገደቡ ሲታለፍ ሃርትቢቱም አብሮ ይቆረጣል። አስቡት። አንድ የተበላሸ ሰርቨር ቪላኑ ውስጥ ብሮድካስት መርጨት ይጀምራል። ስቶርም ኮንትሮሉ ትራንኩ ላይ ሥራውን ይሠራል፣ ይቆርጣል። ከትራንኩ ወዲያና ወዲህ ያሉት የክላስተሩ ግማሾች መስማት ያቆማሉ። ሁሉም ሰርቨር ደህና ነው። ግን አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ አምኗል። ኔትወርኩን ያዳነው ነገር ክላስተሩን ገደለው።

ገደቡን በፐርሰንት ማስቀመጥም ያሳስታል። 1 ፐርሰንት ትንሽ ትመስላለች። 1 ጊጋቢት ፖርት ላይ ከ14,000 በላይ ትንንሽ ፍሬሞች ናት። 10 ጊጋቢት ፖርት ላይ ደግሞ ወደ 149,000 ትጠጋለች፤ ያን ያህል ብሮድካስት ደካማ መሣሪያዎችን ደህና አድርጎ ያንበረክካል። ስለዚህ ስዊቹ በሰከንድ የፍሬም ብዛት መቁጠር ከቻለ በዚያ አስቀምጡት። መጀመሪያ ግን ለኩ። ጤነኛ ቀን ላይ፣ ባክአፕ በሚሠራበት ሌሊት ላይ፣ ክላስተሩ ሪስታርት ሲደረግ ላይ። ከዚያ ከፍተኛውን ወስዳችሁ ብዙ እጥፍ ከፍ አድርጋችሁ ገደብ ስጡ። የሃርትቢት ቪላን ብቻ የሚያልፍባቸው ፖርቶች ላይ እኔ ጨርሶ አላስቀምጥም።

ሃርትቢት ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን በአደባባይ የታየው አንዱ ምሳሌ የኮድ ማስቀመጫው የጊትሃብ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ስዊቾቻቸውን ሲያሻሽሉ ኔትወርኩ ለ90 ሰከንድ ገደማ ታወከ። የፋይል ሰርቨሮቻቸው ጥንድ ጥንድ ነበሩ፣ አንዱ ሥራ ላይ፣ አንዱ ተጠባባቂ። 90 ሰከንድ ለሃርትቢት ዘለዓለም ነው። ሁለቱም ጓደኛቸው የሞተ መሰላቸው። እንዲህ ያሉ ክላስተሮች ደግሞ ፌንሲንግ አላቸው፤ ሞተ የተባለውን ኖድ እርግጠኛ ለመሆን መብራቱን የሚያጠፋ። ሁለት ኖድ በአንድ ዲስክ ላይ ከሚጽፉ አንዱ ቢጠፋ ይሻላልና። ያን ቀን ግን አንዳንዶቹ ጥንዶች ላይ ሁለቱም ጠፍተው ተገኙ። ጊትሃብ ዝርዝሩን ራሱ ነው ለሕዝብ የጻፈው፤ ይሄን ማድረጉን አደንቃለሁ።

እዚያ ላይ የብሮድካስት ብዛት ጉዳይ አልነበረም። ስዊች ነው የታወከው። ግን ኔትወርክ ላይ ለምንሠራው ዋናው ነገር እዚያ አለ። ለእኛ 90 ሰከንድ «አጭር መቋረጥ» ነው። ሪፖርት ላይ እንዲያውም አናስገባውም። ስፓኒንግ ትሪ በድሮው መልኩ አንድ ፖርት ተሰክቶ ትራፊክ እስኪያሳልፍ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ 15 ለማድመጥ፣ 15 ለመማር። ይሄንን ተቀብለን ዕድሜያችንን ሙሉ ኖረናል። ክላስተሩ ግን በ1 ሰከንድ ዝምታ የሚደነግጥ ከሆነ የእኛ «አጭር» ለእሱ ቀብር ነው። የሰርቨር ፖርቶችን ኤጅ ፖርት ማድረግ፣ ማለትም ያንን 30 ሰከንድ መዝለል፣ ከስንት የሃርትቢት ማስተካከያ ይበልጣል።

ደግሞ የሚገርመኝ የሶፍትዌሮቹ ሠሪዎች ራሳቸው ዓመት በዓመት ታጋሽ እየሆኑ መምጣታቸው ነው። የዊንዶውስ ፌይልኦቨር ክላስተር በአንድ ሰብኔት ውስጥ በሰከንድ አንድ ሃርትቢት ይልካል። በ2012 አር2 ላይ 5 ካመለጠ ኖዱን ያወጣው ነበር። በ2016 ይህ ቁጥር 10 ሆነ። በ2019 20። ኮሮሲንክም ከ3.1 ጀምሮ ነባሪውን የቶከን ጊዜ፣ ማለትም ዝምታን የሚታገስበትን፣ ከ1 ሰከንድ ወደ 3 ሰከንድ አሳድጎታል። ፌይልኦቨር በ1 ሰከንድ ብሎ መፎከር ስላይድ ላይ ያምራል። እኔ ግን ያለምክንያት ከሚደነግጥ ክላስተር 10 ሰከንድ የሚዘገይ ይሻለኛል። የሐሰት ፌይልኦቨር ራሱ መቋረጥ ነው። ዳታቤዙ ይዘጋል፣ እንደገና ይነሳል፣ ግንኙነቶች ሁሉ ይበጠሳሉ። ማንም ሳይሞት ቀብር።

እዚህ ላይ ትንሽ ንድፈ ሐሳብ ይፈቀድልኝ። ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን በ1985 ያሳተሙት አንድ ታዋቂ ማረጋገጫ አለ። መልእክት ምን ያህል እንደሚዘገይ ገደብ በሌለበት ሥርዓት ውስጥ፣ አንድ ኖድ እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ኖዶቹ ሁልጊዜ ስምምነት ላይ እንደሚደርሱ ዋስትና የሚሰጥ ዘዴ የለም ይላል። ከሥሩ ያለው ነገር ቀላል ነው። ዝም ያለው ሞቶ ይሁን ዘግይቶ፣ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ሃርትቢት ይሄንን አይፈታም። «ይሄን ያህል ከቆየ ሞቷል እንበል» የሚል ውል ብቻ ነው። ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር ብዙ ጊዜ የሰርቨር ክፍሉ ብቻውን ይጽፈዋል፤ እንዳይፈርስ መጠበቅ ግን የእኛ ዕዳ ይሆናል። ለዚህ ነው ቁጥሩን ሳይነግሩኝ ክላስተር ሲያስገቡ የምናደደው።

ጥፋተኛውን ለመፈለግ ፖርቶቹን ማወቅ ይጠቅማል። የድሮው ሊኑክስ ኤችኤ በዩዲፒ 694 ይናገራል። ኮሮሲንክ 5405። የዊንዶውስ ክላስተር 3343። ራውተሮች አንድ አይፒ ላይ እንዲተካኩ የሚያደርገው ቪአርአርፒ ደግሞ ፖርት የለውም፤ የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር 112 ሆኖ ወደ 224.0.0.18 ይልካል። ስለ ቪአርአርፒ ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄንኑ ሊኑክስ ላይ የሚሠራውን ኪፕአላይቭድ የምትጠቀሙ ሰዎች እባካችሁ የናሙና ፋይሉን እንዳለ አትቅዱ። ናሙናው ላይ ያለው የራውተር መለያ ቁጥር 51 ነው። የሁሉም ሰው 51 ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ጥንዶች አንድ ቪላን ላይ በ51 ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ማስታወቂያ ይሰማና ሎጉ በቅሬታ ይሞላል፤ ሲብስም ማን ዋና እንደሆነ ይምታታል። ከ1 እስከ 255 ያለ ቁጥር ሁሉ ክፍት ነው እኮ። ተመሳሳይ ሥራ ያለው የኦፕንቢኤስዲው ካርፕ ደግሞ ያንኑ 112ን ይጠቀማል፤ አንድ ቪላን ላይ ሁለቱን ከማገናኘት በፊት ሁለቴ አስቡ።

ብሮድካስት ራሱ እያረጀ ነው። በአይፒ ላይ ደንቡን የጻፈው አርኤፍሲ 919 የወጣው በ1984 ነው። አይፒቪ6 ብሮድካስት የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም። ትላልቆቹ የክላውድ ኔትወርኮች አያሳልፉትም፤ ስለዚህ ክላውድ ላይ የሚሄድ ክላስተር ወደደም ጠላም ዩኒካስት መማር አለበት። ኮሮሲንክ 3 በነባሪ ዩኒካስት ሆኗል። የዊንዶውስ ክላስተርም ከ2008 ሥሪት ጀምሮ እንደዚያው። የፍለጋ ሶፍትዌሩ ኢላስቲክሰርች ድሮ ጓደኞቹን በመልቲካስት ይፈልግ ነበር፤ የአንድ ፕሮግራመር ላፕቶፕ ሳይጠራ የዋናው ክላስተር አባል ሊሆን ይችል ነበር። በሥሪት 2 ከነባሪው ወጣ፣ በ5 ተሰናበተ።

ዩኒካስትም ዕዳ አለው። ብሮድካስት ላይ ኖዱ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ዩኒካስት ላይ ለእያንዳንዱ ለየብቻ። 3 ኖድ ከሆኑ በአንድ ዙር 6 መልእክት ነው፣ ምንም አይደለም። 100 ኖድ ሲሆኑ 9,900 ይሆናል። ስለዚህ ትልልቆቹ ሁሉም ለሁሉም መናገር አቁመዋል። በ2002 የቀረበው ስዊም የተባለ ዘዴ ለዚህ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ኖድ በየዙሩ አንድ ጓደኛውን በዕጣ መርጦ «አለህ?» ይለዋል። ካልመለሰለት ወዲያው አይፈርድበትም፤ ሌሎች ጥቂት ኖዶችን «እስቲ እናንተ ጠይቁልኝ» ይላል። በመካከላችን ያለው መንገድ ተበላሽቶ ይሆናል እንጂ ሞቶ ላይሆን ይችላል ከሚል ጥንቃቄ ነው። ክላስተሩ ቢያድግም በአንድ ኖድ ላይ ያለው ሸክም አይጨምርም። ሰርቪሶችን የሚከታተለው ኮንሱል የሚሠራው በዚህ ላይ ተመርኩዞ ነው።

ይሁንና ብሮድካስት ብቻ የሚያውቁ አሮጌ ክላስተሮች አሁንም በየሰርቨር ክፍሉ አሉ፤ ማንም አይነካቸውም። ለእነዚህ የማደርገው ይሄ ነው። ቪላን ለብቻ። ሁለት መንገድ፣ በሁለት የተለያዩ ስዊቾች፤ አንዱ ሲዘመን ሌላው እንዲሸከም። ሁለት ኖድ ብቻ ከሆኑ አንዱን መንገድ ቀጥታ ገመድ አደርገዋለሁ፤ ስዊች በመሃል የለም፣ ስቶርም የለም፣ ስፓኒንግ ትሪ የለም። አንድ እንከን አለው። አንዱ ሰርቨር መብራቱ ሲጠፋ የሌላኛውም ፖርት አብሮ ይወርዳል፣ ሶፍትዌሩም የራሱ ካርድ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ብቸኛ መንገድ አይሁን።

ባክአፕ ደግሞ ከሃርትቢት ጋር አንድ ካርድ ላይ አይደር። ሌሊት ላይ ባክአፑ ሲጀምር የስዊቹ በፈር (ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ) ይሞላል፣ ያልታደለች የዩዲፒ ፓኬት ትወድቃለች፣ ከዚያ ሌላዋ። ሁልጊዜ ሌሊት ላይ ብቻ የሚፈጠር ፌይልኦቨር ካያችሁ መጀመሪያ የባክአፑን ሰዓት ጠይቁ። መለየት ካልተቻለ ሃርትቢቱን በኪውኦኤስ፣ ማለትም ትራፊክን በቅደም ተከተል በሚለየው አሠራር፣ ወደ ቅድሚያ ወረፋ አስገቡት። ትራፊኩ ትንሽ ስለሆነ ማንንም አያስርብም።

የመጨረሻው ነገር መሞከር ነው። አዲስ ክላስተር ሲመጣ አረንጓዴ መብራት አይቼ አልፈርምም። ሁሉም ሰው ባለበት በቀን ገመድ ይነቀላል፣ ስዊች ሪቡት ይደረጋል፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይጻፋል። መልቲካስት ካለ ደግሞ መድረሱን የሚፈትሸው ኦምፒንግ በሁሉም ኖዶች ላይ ይነሳና ለ10 ደቂቃ ይተዋል። የሰርቨር ልጆች ሁለት ደቂቃ አይተው «ይሠራል፣ እንሂድ» ይላሉ። 260ኛዋ ሰከንድ ገና አልመጣችም፤ እንቀመጣለን።